ማቆሚያው በማን እጅ ነው? እንግሊዝኛን በቴክኖሎጂ ስለማስተማርና ስለመማር የቀረበ ዲስኩር



የተሰጠኝ ርዕስ «ቴክኖሎጂ ለእንግሊዝኛ ትምህርት» የሚል ነው። በዚህ ርዕስ የሚደረግ ንግግር ብዙ ጊዜ «ዓለም የት ደረሰ» ብሎ ይጀምርና እኛ የቀረንበትን እየቆጠረ ይቀጥላል። እኔ በዚያ አልሄድም። መሣሪያ ወደ ክፍል በማስገባት ረገድ እኛ እንግዳ አይደለንም፤ እንዲያውም ብዙ አገር ያልደፈረውን ደፍረን በአገር ደረጃ ሞክረነዋል። የጎደለን ከሞከርነው ነገር ምን እንደተማርን ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ስለዚህ ከፕላዝማው ልጀምር።

ፈገግ ያላችሁትን አያለሁ። በዚያ ዘመን ተማሪ ነበራችሁ ማለት ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የምንለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገባ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ። ጎንደርም ሆነ ጅማ፣ ሐዋሳም ሆነ ድሬዳዋ ያለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ሰዓት አንዲቱን መምህርት ያያል። ክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን የሚይዘው ስክሪኑ ነው። ክፍሉ ውስጥ ለቆመው መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች።

ሐሳቡን አልነቅፍም። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ኬሚካሎች ሲዋሐዱ በዓይኑ ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም። በቂ ሥልጠና ያለው መምህር በማይገኝበት ቦታ ጥሩ መምህር በምስል ይድረስ የሚለውም ቅን ስሌት ነበር። ለእንግሊዝኛ ደግሞ የተያዘው ተስፋ ትልቅ ነበር፤ ልጆቹ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ በየቀኑ ሲሰሙ ጆሯቸው ይከፈታል፣ ጆሮ ከተከፈተ አፍ ይከተላል የሚል።

የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መምህርቷ ከስክሪኑ ላይ ትጠይቃለች። ትንሽ ዝም ትላለች። ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ ጥያቄውን ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሲዳምኛ መልሶ ገና ሊገባው ሲል «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። ማንን እንዳመሰገነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ፤ ሳተላይቱ አይጠብቅም፣ ሲመለስ የሚመጣው ቀጣዩ ትምህርት ነው። ማስታወሻ መጻፍ የፈለገ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ስዕሉ ይቀየርበታል። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ሪሞት ያዥ ሆነ። ያውም ሪሞቱ ማብሪያና ማጥፊያ እንጂ ማቆሚያ የለውም።

ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች ማቆሚያ ጋር የተያያዘ ነው። የፕላዝማው ጉድለት ሲነሣ ፍጥነቱ፣ የአቅራቢዎቹ አነጋገር፣ የመብራቱ ነገር ይነሣል። ሁሉም ልክ ነው። ሥሩ ግን ሌላ ይመስለኛል። የክፍሉን ጊዜ ከመምህሩና ከተማሪው ወስዶ ለማያያቸው ሰው ሰጠው። የውጭ ቋንቋ መማር ደግሞ ከምንም በላይ የጊዜ ጉዳይ ነው። የተሰማው ቃል ትርጉም እስኪሆን የሚፈልጋት ጊዜ አለች፤ የታሰበው ነገር ከአፍ እስኪወጣ የሚፈልጋት ጊዜም አለች። ያችን ጊዜ የሚነጥቅ መሣሪያ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን እንግሊዝኛ አያስተምርም። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ «ለትምህርት ይጠቅማል» ተብሎ ሲመጣ የማነሣት የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ናት፤ ማቆሚያው በማን እጅ ነው?

ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሳይንስ ክፍሎችን በድምፅ እየቀረጸች አንዲት ነገር ትለካ ነበር፤ መምህሩ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ ይጠብቃል? መልሱ አስገራሚ ነው። በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል። በዚያች ሰከንድ መልስ ካልመጣ ጥያቄውን ይደግመዋል፣ ወይ ሌላ ተማሪ ይጠራል፣ ወይ ራሱ ይመልሳል። መምህራኑ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲለማመዱ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» እና ዝምታ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ እነዚያ ልጆች የሚመልሱት አብዛኞቹ አፍ በፈቱበት ቋንቋ ነው። ከሦስት ቋንቋ ተሻግሮ ለሚመልስ የእኛ ልጅ ስንት ሰከንድ ይበቃው ይሆን?

ጉዳዩ ለእኛ የቅንጦት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ልጁ ፊዚክስ ሲወድቅ የወደቀው ፊዚክሱን ይሁን እንግሊዝኛውን ለይቶ ማወቅ ይቸግራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በእንግሊዝኛ ላይ መጫን አልፈልግም። ነገር ግን የፈተናው ወረቀት በምን ቋንቋ እንደተጻፈ መርሳት አይቻልም።

አሁን ወደ ጎረቤት እንሂድ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1985 ድረስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች እንግሊዝኛን በሬዲዮ የማስተማር ሙከራ አድርጋ ነበር። መንገዱ ቀደም ብሎ በኒካራጓ ለሒሳብ ትምህርት የተፈተነ ነው። ሬዲዮ እንደ ፕላዝማው ሁሉ አይቆምም፤ አንድ ጊዜ ከተላለፈ ተላለፈ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሬዲዮው ይጠይቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ በዝምታው ውስጥ ልጆቹ በኅብረት ይመልሳሉ፣ ይነሣሉ፣ የተባለውን ይነካሉ፣ ያመለክታሉ። ያ ዝምታ በግምት የተተወ ክፍት ቦታ አይደለም። አዘጋጆቹ ትምህርቱን እውነተኛ ክፍል ውስጥ አስደምጠው፣ ልጆቹ የት እንደዘገዩ፣ የት እንደተሰላቹ አይተው ያስተካክሉታል። ማቆሚያው ልጆቹ እጅ ላይ ባይሆንም ልጆቹን ያየ ሰው እጅ ላይ ነበር። እኛም አገር ለታችኞቹ ክፍሎች በዚሁ መንገድ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ የሬዲዮ ትምህርት ተላልፏል። ከፕላዝማው በጣም የረከሰ መሣሪያ ነው፤ ስለ ልጁ ግን የበለጠ አስቦበታል።

አንድ ሌላ የሬዲዮ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በጥቅምት 1952 ዓ.ም. «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የሚባል ዝግጅት ጀመረ። ደንቡ ቀላል ነበር። 1,500 ያህል ቃላት ብቻ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ንባቡ ከተለመደው በሲሶ ያህል የዘገየ። በአጭር ሞገድ ጩኸት መካከል በየአገሩ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያዳምጥ ሰው ዜናውን እንዲይዝ ነው። በዚህ አዳራሽ ካሉት ጎልማሶች መካከል እንግሊዝኛን በዚያ ዝግጅት የተለማመደ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ እዚያ ጥግ እጃቸውን ያወጡ አባት አሉ፤ ይኸው! እና እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው የቱ ነው? ሬዲዮው ብቻ ነው እንዳትሉኝ። ዜናውን ተቀብሎ በ1,500 ቃላት መልሶ የጻፈው አዘጋጅ ከሬዲዮው ያላነሰ ሥራ ሠርቷል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስልኩ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ማቆሚያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪው ኪስ ውስጥ ገባች። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ መምህራን በቴሌግራም ማስታወሻና የድምፅ መልእክት መላክ ጀመሩ። በዕቅድ የመጣ አልነበረም፤ ችግር ነው ያስተማረን። ልጁ የመምህሩን ድምፅ ሦስት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ መልሶ መስማት እንደሚችል ያኔ ተገለጠ። ክፍል ውስጥ «መምህር፣ ይደገምልኝ» ለማለት የሚያፍር ልጅ በስልኩ ሳያፍር ይደግማል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን ብዙው ቦታ ስልኩ በር ላይ ቀረ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ስልክ የገባበት ክፍል በቲክቶክ ሊፈርስ ይችላል። ሆኖም ስልኩን ስንከለክል ማቆሚያዋንም አብረን እንደከለከልን ማወቅ አለብን።

ስለ ድምፅ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ መሣሪያው የሚሰጠን ጥቅም ከሁሉ የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የሚወራለት ግን ከሁሉ ያነሰ ነው።

የእኛ ተማሪ እንግሊዝኛን የሚተዋወቀው በዓይኑ ነው። ቃሉን ሰሌዳ ላይ ያየዋል፣ ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ በፊደሉ ልክ ያነበዋል። የእኛ ፊደል ታማኝ ስለሆነ የእንግሊዝኛውም ታማኝ ይመስለዋል። ስለዚህ «ከምፍተብል» የሚባለው ቃል «ኮምፎርታብል» ይሆናል፣ አትክልቱም «ቬጄታብል»። ስሕተቱ የስንፍና አይደለም፤ ቃሉን ከሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም። መምህሩም ከመምህሩ እንዲሁ ነው የተቀበለው። ዱሮ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያሉትን የድምፅ ምልክቶች ማንበብ የሚችል ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ስልክ ላይ ያለ መዝገበ ቃላት ተጭኖ ቃሉን መስማት ይቻላል፤ አንዳንዶቹም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ለሆነ ሁሉ የማዘው የማታ የቤት ሥራ ይህ ነው፤ ነገ ሰሌዳ ላይ የምትጽፋቸውን አዳዲስ ቃላት ዛሬ ማታ ስማቸው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ የራሳችንን ፊደል እንጠቀም። ተማሪዎች «በግ» እና «መርከብ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ አድርገው ይጠሯቸዋል። እኛ ግን ሳልስና ሳድስ አለን። በጉ በሳልሱ «ሺፕ» ነው፣ ጠበቅና ረዘም ይላል፤ መርከቡ በሳድሱ ወደ «ሽፕ» ይጠጋል፣ አጭርና ልል ነው። ልክክ አይልም፤ የእንግሊዝኛው አጭር አናባቢ ከሳድሳችን ትንሽ ወደፊት ይቀርባል። ቢሆንም ልጁ ልዩነት መኖሩን በአንድ ደቂቃ ይረዳል። ከዚያ የመቅጃው ተራ ይሆናል፤ ሁለቱን ቃላት ይቅዳ፣ የራሱን ድምፅ ይስማ። የገዛ ድምፁን ሰምቶ የማይደነግጥ ሰው አላውቅም። ያ ድንጋጤ ከመምህር እርማት ይልቅ ያስተምራል።

ስልኩ የተናገርነውን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥበት ነገርም አለ። ልጁ «ሺፕ» ብሎ ስልኩ በግ ይጽፋል ወይስ መርከብ? ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ልጆች ይወዱታል። አንድ ነገር ግን አደራ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የስታንፎርድ ጥናት የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎችን ንግግር ለዋጭ ፕሮግራሞች ፈትሾ ነበር። ከነጭ አሜሪካውያን ንግግር ከመቶው ቃል 19 ያህሉን ሲስቱ ከጥቁር አሜሪካውያን ንግግር 35 ያህሉን ስተዋል። ሁለቱም ወገን እዚያው አሜሪካ ተወልዶ እንግሊዝኛን በጡት ወተት የተማረ ነው። የደብረ ማርቆስን ልጅማ እንዴት ይሰማው ይሆን? ስለዚህ ስልኩ አልሰማ ሲል ልጁ «የእኔ እንግሊዝኛ አይረባም» ብሎ እንዳይደመድም ቀድመን እንንገረው። ማሽኑም ጆሮው ያልሠለጠነበት ንግግር አለ።

እስካሁን ማቆሚያ ማቆሚያ እያልኩ ነው። ማቆሚያ ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም። ለዚህም ማስረጃው ከእኛው አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ላሉ ልጆች ታብሌት ሰጠ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም፤ የፀሐይ ባትሪ መሙያ አለ፣ ሳጥኑም ታሽጎ ተሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሆነውን በኋላ ሲናገር ዓለም ተደንቆ ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ልጅ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ይህን ስሰማ ኮራሁ፤ የገጠር ልጆቻችን የማወቅ ጉጉት ለማንም ማስተማሪያ ይሆናል። ይሁንና እንደ ቋንቋ መምህር አንድ ጥያቄ አለኝ። መዝሙሩን ለማን ዘመሩት? ታብሌቱ ሲያቆሙት ይቆማል፣ ሲደግሙት ይደግማል፤ ነገር ግን ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ያልገባውን «አልገባኝም» የሚለው ሰው የለም። ፊደል በመዘመርና ቋንቋ በመናገር መካከል ያለው መንገድ በሰው ነው የሚታለፈው።

ካናዳዊቷ ሜሪል ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1985 ያነሣችው ነጥብ ይኸው ነው። ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የሚከታተሉ የካናዳ ልጆችን አጥንታ ያየችው፣ ለዓመታት ፈረንሳይኛ ሲሰሙ ኖረው መስማቱን በሚገባ ቢችሉትም ንግግርና ጽሑፋቸው ግን ወደ ኋላ መቅረቱን ነው። ለመናገር የሚያስገድዳቸው፣ ሲናገሩም አልገባኝም ብሎ የሚያስጨንቃቸው አልነበረም። የሰማ ሁሉ ቢናገር ኖሮ የስታዲየም ተመልካች ሁሉ አጥቂ በሆነ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ልጁ ሲናገር የሚሰማው ማን ነው?

አሁን «ማሽኑ ራሱ ይሰማዋላ!» የምትሉ ወጣቶች ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቻትጂፒቲ ከወጣ ጀምሮ፣ የሚመልስ ማሽን አለ። እኔም ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ አይስቅም። በክፍሎቻችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ትልቁ ጠላት ሰዋስው አይደለም፣ ሳቅ ነው። አንድ ቀን የተሳሳተች ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቅጽል ስም ይወጣላታል፤ ከዚያ ወዲያ እጇን አታወጣም። ከማሽኑ ጋር ግን መቶ ጊዜ ብትሳሳት የሚሰማት ጓደኛ የለም። ለዓይናፋር ልጅ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ጉዳቱ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ፕላዝማው ልጁ ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ» ይል ነበር፤ ይኼኛው ልጁ ሳያስብ ድርሰቱን ይጽፍለታል። በሁለቱም ቤት ልጁ የሚፈልጋት ጊዜ ጠፋች፤ አንዱ በጥድፊያ፣ ሌላው በደግነት። «ስለ ዓባይ ግድብ ድርሰት ጻፍልኝ» ብሎ ያዘዘ ተማሪ ከሰከንዶች በኋላ ያማረ ወረቀት ይይዛል። አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንኳ በገዛ ጭንቅላቱ አልዞረችም።

በዚህ የተቆጡ መምህራን ደግሞ ወደ ሌላ ጽንፍ ሄደዋል። ጽሑፍ በማሽን መጻፉን እንለያለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ልጆችን በእነርሱ ምስክርነት ዜሮ መስጠት ተጀምሯል። ይህን እባካችሁ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ወስደው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና ራሳቸው የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች አስመረመሩ። ፕሮግራሞቹ በአማካይ ከ61 በመቶ የማያንሰውን «ማሽን የጻፈው» አሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእኛ ዓይነት ጸሐፊ የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂትና የተለመዱ ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙም ቀላሉንና የሚገመተውን ጽሑፍ የማሽን አድርጎ ይቆጥራል። ደክሞ የጻፈ ልጅ ሌባ ተባለ ማለት ነው። እኔ የምለው፣ ጥርጣሬ ካላችሁ ልጁን ጥሩትና የጻፈውን በቃሉ ያስረዳችሁ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ያችም ሁለት ደቂቃ ራሷ የንግግር ልምምድ ናት።

ማሽኑን መጠቀም የሚፈልግ ተማሪ ትእዛዙን ይገልብጠው። «ጻፍልኝ» ሳይሆን «ጠይቀኝ» ይበል። ለምሳሌ እንዲህ ብሎ በአማርኛ ማዘዝ ይችላል፦ በቀላል እንግሊዝኛ አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ፤ ስመልስ ስሕተቴን አታርም፣ ያለበትን ቦታ ብቻ ጠቁመኝ፤ እኔ ራሴ አስተካክዬ እስክልክ ጠብቅ። አያችሁ፣ «ጠብቅ» የምትለዋ ቃል ማቆሚያዋን ወደ ልጁ እጅ ትመልሳለች።

ለመምህሩ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል። የመማሪያ መጽሐፋችን ምንባብ ለልጆቻችን ከባድ ነው። «ስፔሻል ኢንግሊሽ» በብዙ አዘጋጅ ይሠራ የነበረውን ሥራ ዛሬ አንድ መምህር በማታ ሊሠራው ይችላል። ምንባቡን ለማሽኑ ሰጥቶ «እጅግ በተለመዱ 1,500 ቃላት፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር መልሰህ ጻፈው» ማለት ነው። ከዚያ በእርሳስ መመርመር አለበት፤ ማሽኑ ስለ እኛ አገር ብዙ ይሳሳታል፣ ሲሳሳትም በሙሉ ልብ ነው። ላሊበላን ያለ ቦታው ሊያስቀምጥ፣ የነገሥታቱን ዘመን ሊያዘበራርቅ ይችላል። ዋናው ምንባብ ይቀራል ማለት አይደለም፤ ልጆቹ ቀላሉን ካነበቡ በኋላ ወደ መጽሐፉ ሲመለሱ መንገዱን ያውቁታል።

አሁን «ይህ ሁሉ ስልክ ላላቸው ነው፤ በእኔ ክፍል 60 ልጆች አሉ፣ ያለው ስልክ የእኔው አንድ ነው» የሚል መምህር አለ። ለእርሱ ነው የመጨረሻውን ጊዜዬን ያስቀመጥኩት።

አንድ ስልክና አንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ይበቃሉ። ማታ፣ ቤትህ ሆነህ፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ታሪክ በራስህ ድምፅ ቅዳ። የፈረንጅ ድምፅ አትፈልግ፤ ልጆቹ አንተን መስማት አለባቸው፤ አንተም ስትቀዳ አንብበህ፣ ተሳስተህ፣ ደግመህ ስለምትቀዳ ከማንም በፊት የምትማረው አንተ ነህ። ክፍል ስትገባ ደብተር አስዘግተህ አንድ ጊዜ አሰማቸው። ሁለተኛ ስታሰማ የያዟቸውን ቃላት ብቻ ይጻፉ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ክልክል ነው። ከዚያ አራት አራት ሆነው ከለቃቀሟቸው ቃላት ታሪኩን መልሰው ይገንቡ። አንዱ ግሡን ሰምቷል፣ ሌላዋ ስሙን፣ ሌላው መጨረሻውን። «ሄደ ነው ወይስ ሄዳለች?» እያሉ ሲከራከሩ ትሰማለህ፤ ክርክሩ መጀመሪያ በአማርኛ ይሆናል፣ ይሁን። አውስትራሊያዊቷ መምህርት ሩት ዋይንሪብ እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፍ አስፍታ ያስተዋወቀችው ዘዴ ነው፤ እርሷ ስታስተምረው በስልክ አልነበረም፣ መምህሩ ራሱ ነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብበው። ስልኩ የጨመረው ነገር አንድ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲደመጥ «መምህር፣ እዚህ ጋ አቁምልን!» የሚሉት ልጆቹ ናቸው። እዚያ ላይ ታቆማለህ።

ስልኩ ለምዘናም ይጠቅማል። 60 ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማናገር አይቻልም፤ በየቀኑ አራት ልጆች ግን ከክፍል ውጭ በአንተው ስልክ ላይ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ መናገር ይችላሉ። በወሩ መጨረሻ ክፍሉ ተዳርሷል። በመስከረምና በግንቦት የተቀዳውን የአንድ ልጅ ድምፅ አንድ ላይ አድርገህ ለወላጁ ብታሰማ ከካርድ በላይ ይናገራል። ይህን ስታደርግ ግን ድምፁ የልጁ ነውና ሳይፈቅድ በቴሌግራም ቡድን ላይ እንዳትለጥፈው።

ወጪውን የምታሰሉ አላችሁ፤ ተገቢ ነው። የአንድ ደቂቃ የቴሌግራም ድምፅ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። ቪዲዮ ግን ካርድ ይበላል፤ ስለዚህ ቪዲዮ አትላኩ። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል፤ መዝሙርና ዘፈን እንዲህ ሲሻገር ኖሯል፣ ታሪኩ ምን ከለከለው?

«ሲለበሱን መጨረስ አለብኝ፣ ይህን የምሠራበት ጊዜ የለኝም» የሚለውን ግን በቀላሉ አልመልስም፤ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቀው ስንት ምዕራፍ እንደተጠናቀቀ እንጂ ስንት ልጅ እንደተናገረ አይደለም። ይህ በእኔ ዲስኩር አይፈታም። እዚህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ተቀምጠዋል፤ ጥያቄውን ለእነርሱ አስተላልፋለሁ፣ መልሱንም ዛሬ ከዚሁ መድረክ ብንሰማው ደስ ይለኛል።

እኔ በቀላል እንግሊዝኛ የቀዳኋቸው ጥቂት አጫጭር ታሪኮች በዚህ ስልክ ላይ አሉ። የምትፈልጉ መምህራን በዕረፍቱ ሰዓት ብሉቱዛችሁን ክፈቱና እዚህ ፊት ለፊት ጠብቁኝ። አሁን ድምፅ ማጉያውን ለጠያቂዎች እሰጣለሁ፤ ከኋላ ረድፍ እንጀምር።